አመተ ሥላሴ የመነኮሰች ዕለት

«አጭር መጽሐፍ ስጪኝ» ብሎ የሚመጣ ተማሪ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰነፍ ነው፤ ሌላው ለማን እንደሚነግረው ያላወቀው ጭንቀት ያለበት ነው። እኔ ለሁለቱም የምሰጠው አንድ መጽሐፍ ነው። ሞጣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከወፋፍራሞቹ የታሪክ መጻሕፍት መሀል ተጣብቃ የቆመች «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» የምትባል ቀጭን ልቦለድ አለች። ሁለት ሴት ልጆች አብረው ያድጋሉ። ይዋደዳሉ፣ ይቀናናሉ፣ ይቧጨራሉ፣ ደግሞ ይታረቃሉ። አንድ ቀን ጠዋት አንደኛዋ ሌላዋን መንገድ ላይ ታገኛትና ሰላም ሳትላት ታልፋለች። ከዚያ ወዲያ አይነጋገሩም። መጽሐፏ ምክንያቱን ሳትናገር ታልቃለች።

ተማሪዎቹ ሲመልሱልኝ ፊታቸውን አጥቁረው ነው። «ቲቸር፣ ምን አድርጋት ነው የዘጋቻት?» ይሉኛል። ደራሲው አንድ ምዕራፍ የጣለባቸው ይመስላቸዋል። እኔ መልስ ነበረኝ። ቢቸና ልጅ ሳለሁ የቆረጥኩት መልስ ነው፤ «ኩራት ነው» እላቸዋለሁ። ተማሪ ደግሞ የአስተማሪውን አፍ ስለሚያምን አምኖኝ ይሄዳል። ለብዙ ዓመት እንዲህ ስል ኖሬያለሁ። ከአምና ወዲህ ግን መጽሐፏን እሰጣለሁ እንጂ መልሱን አልሰጥም።

መጽሐፏን መጀመሪያ ያስነበበችኝ አመተ ሥላሴ ናት። «አንብቢያት» አለችኝ። እሷ ማዘዝ እንጂ መምከር አታውቅም ነበር።

ዘመኑ ዘጠና አራት ነው። ቢቸና ውስጥ የእኛን ግቢና የእትዬ ሀብትነሽን ግቢ የሚለየው የባሕር ዛፍ አጥር ነበር፤ ከኋላ በኩል ደግሞ ጓዳቸውና የእኛ መኝታ ቤት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይገናኛሉ። አመተ ሥላሴ የእትዬ ሀብትነሽ የእህት ልጅ ናት። አባቷ ወታደር ነበር፤ ደርግ ሲወድቅ ወደ አገራቸው ከተመለሱት አንዱ። እሱ ታሞ ሞተ፤ ብዙ ሳይቆይ እናቷም ተከተለችው፤ ልጅቷን አክስቷ ከደጀን አመጧት። የመጣች ቀን አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ አየኋት። ራሷ ተላጭቶ በነጭ ሻሽ ታስሯል፤ ከኋላዋ አንድ ሰው የአባቷን የወታደር ሳጥን ተሸክሞ ይከተላል። ቀጭን ናት፤ ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከተሳሉት ደናግል አንዷ ወርዳ የመጣች መሰለኝ። ከሻሹ ሥር ቁስል እንደነበረ አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ያየሁት ሻሹን ብቻ ነው።

የእኔን ሞኝነት ለመረዳት የማን ልጅ እንደሆንኩ ማወቅ ያስፈልጋል። አባቴ ቄስ አካለ ወልድ ቀዳሽ ነበሩ። በቤታችን ማንም የማይነካው አንድ ዋንጫ ነበር፤ የእሳቸው። እናቴ ለብቻው ታጥበዋለች፣ ለብቻው ትደፋዋለች፣ እኛ ልጆች ከተጠጋነው እጃችንን ትመታናለች። ስለዚህ ለብቻው የሚቀመጥ ዕቃ በእኔ ሒሳብ የከበረ ሰው ዕቃ ነው። ሌላ ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል የነገረኝም የለም።

አመተ ሥላሴ ደግሞ የራሷ ኩባያ ነበራት። ነጭ ነው፤ ጠርዙ ሰማያዊ። የራሷ ሳህን፣ የራሷ ማንኪያ፣ የራሷ መደብ። ስትበላ ብቻዋን ነው የምትበላው፤ ዕቃዋን ራሷ አጥባ ከሌላው ርቆ ባለ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለች። ይህን በአጥሩ ቀዳዳ ባየሁ ጊዜ ልቤ ዘለለ። አባቴ በበዓታ ቀን የሚነግሩን ታሪክ ነው ትዝ ያለኝ። እመቤታችን ወላጆቿ በብፅዓት ለእግዚአብሔር የሰጧት ልጅ ናት፤ እነሱ ሞቱባት፤ እሷ ከሰው ተለይታ በቤተ መቅደስ አደገች፤ ፋኑኤል የሚባለው መልአክም ከሰማይ ኅብስትና ጽዋ እያመጣ መገባት። አመተ ሥላሴም ወላጆቿ ሞተዋል። ከሰው ተለይታለች። ጽዋውም ይኸው፣ ጠርዙ ሰማያዊ።

የጠረጠርኩትን እናቴና እትዬ ሀብትነሽ በአጥሩ ላይ ሲያወሩ አጸኑልኝ።

«እንዴት ዋለች?» አለች እናቴ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ምን ትሆናለች እትዬ ማናለሽ፤ ጠዋት ፀበል አስጠምቄያት መጣሁ።»

«ዕቃውን ለይተሻል አይደል? እኔም ልጆች አሉኝ።»

«ለይቻለሁ።»

«ልጅቷስ ታውቃለች?»

«ነገርኳት። ሰው እንዳትነካ፣ ማንም እንዳይነካት ብዬ ነገርኳት። አልቅሳ ዝም አለች። ምን ላድርግ?»

እናቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እንግዲህ የእግዜር ናት» አለች።

በቃኝ። የእግዜር ናት። የቅናት ነገር አይነሣ። የቄስ ልጅ እኔ፣ ጾም የማላጎድል እኔ፣ ከደጀን የመጣች ባዕድ ልጅ ብፅዓት ሆና ጎረቤቴ ተቀመጠች። ማታ ማታ መኝታዬ ላይ ሆኜ እናቴ እኔን ለማንም ያልተሳለችኝ ለምን እንደሆነ እያሰብኩ እበሳጭ ነበር።

እየቀናሁባትም ከእሷ መራቅ አልቻልኩም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ጥዬ ወደ አጥሩ ነው። እሷ በወዲያ በኩል ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ በወዲህ በኩል ሣሩ ላይ። በአባቷ ሳጥን ውስጥ መጻሕፍት ነበሩ፤ አብዛኞቹ አይጥ የበላቸው ናቸው። ከሁሉ የዳነችው ያቺ ቀጭን ልቦለድ ነበረች። ጮክ ብላ ታነብልኛለች፤ ስትደክም አጥሩ ላይ ታስቀምጣትና ወደ ኋላ ፈቀቅ ትላለች፤ ያን ጊዜ እኔ አንስቼ እቀጥላለሁ። እጄ እጇን እንዳይነካ ነበር ፈቀቅ የምትለው። አንድ ቀን ሻሿን ላስተካክልላት እጄን በቀዳዳው ብሰድ ጭብጥ አፈር ፊቴ ላይ በተነችብኝ። «አትንኪኝ ብዬሻለሁ» አለችኝ። ዓይኔን እያሸሁ ገባሁ። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። እንዲህ ነበርን።

ክፉ ናት ብዬ የማስብበት ቀን ብዙ ነው። ስታሸንፈኝ ትስቃለች፣ ስሳሳት ታርመኛለች፣ ማንበብ ሲያቅተኝ «የቄስ ልጅ አይደለሽ እንዴ?» ትለኛለች። ደግሞ ሳስነጥስ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ቆም ብላ «ብርድ ነክቶሽ ነው?» ትለኛለች። ሌላ ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

መጽሐፏን የጨረስን ዕለት ተጣላን። «ኩራተኛ ናት» አልኩ፣ ሰላም ሳትል ስላለፈችው ልጅ።

«አይደለችም» አለች አመተ ሥላሴ።

«ታዲያ ምን ሆና ነው?»

«ፈርታላት ይሆናል።»

«ለማን?»

«ለጓደኛዋ ነዋ።»

ሳቅኩባት። ለሚወዱት ሰው የሚፈራ ሰው ያቅፋል እንጂ ይዘጋል እንዴ? እሷ አልሳቀችም። መጽሐፏን ከአጥሩ ላይ አንስታ በሻሿ ጫፍ ሽፋኗን ጠረገችና «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ጥሩአየሁ» አለችኝ። በዕድሜ እኩያሞች ነን። ያ ቃል ሰውነቴ ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክቶ ሰነበተ።

በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤታችን ፀረ ኤድስ ክበብ አቋቁሞ ነበር። ድምፄ ጎላ ያለ ስለሆነ መዝሙር የማወጣው እኔ ነኝ። ሰልፍ ሠርተን በከተማው ስንዞር የራስ ቅል የተሳለበት ካርቶን ከፍ አድርጌ እይዛለሁ። ከእትዬ ሀብትነሽ በር ስንደርስ አመተ ሥላሴ ቆማ አየኋት፤ ለእሷ ብዬ ድምፄን ጨመርኩ፣ ካርቶኑን እያወዛወዝኩ ፈገግ አልኩላት። ካርቶኑን አየች፤ እኔን አየች፤ ገብታ በሩን ዘጋች። ብፅዓት ለሆነ ሰው ሰልፍና ጭፈራ አይፈቀድለትም ብዬ ተረዳሁላት። የዚያ መዝሙር ግጥም ዛሬም በቃሌ አለ። አልፎ አልፎ ሳላስበው አፌ ላይ ሲመጣ ክፍል ውስጥ ብሆንም እንኳ ጠመኔውን አስቀምጬ እቆማለሁ።

ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ቢደርስም የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተሰብስቦ ያስቀድሳል፣ ይቆርባል። አመተ ሥላሴም ከእኛ ጋር ቆረበች። አባቴ ሥጋውን አቀበሉን፣ ዲያቆኑ ደሙን በዕርፈ መስቀል። እሷ ከፊቴ ነበረች። እሷ ከተቀበለችበት ማንኪያ ቀጥዬ ተቀበልኩ፤ ከእኔ በኋላ ሌሎች ብዙ ልጆች ተቀበሉ። የሁላችንም እናቶች ቆመው ያያሉ፤ አንዲትም አልደነገጠች። በቤተ ክርስቲያን አንድ ማንኪያ የቀመስነው ሰዎች ቤት ስንገባ ለምን ኩባያ እንደምንለያይ ያኔ የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ አባቴን ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ፤ እሳቸው ግን አርፈዋል።

አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ተመለስን። እናቴ ለቅሶ ቤት ሄዳለች። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ያ ኩባያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል፤ በውስጡ የተመታ አብሽ፣ አረፋው ገና አልሞተም። አመተ ሥላሴ መጽሐፏን ልታመጣ ወደ ቤት ገብታለች። ቀዳዳው ሰው እንደሚያሾልክ አውቃለሁ፤ ግን ገብቼበት አላውቅም ነበር። ገባሁ። ቆርቤያለሁ፣ ንጹሕ ነኝ፤ ከመልአኩ ጽዋ ለመቅመስ ከዛሬ የተሻለ ቀን የለኝም ብዬ አሰብኩ። ኩባያውን በሁለት እጄ አነሣሁ። ቀዝቃዛ ነው፤ መረር ብሎ ይጣፍጣል። አፌን ሞልቼ ሳለ ወጣች።

መጽሐፏ ከእጇ ወደቀች፤ ጭቃ ላይ። «ምን አደረግሽ?» አለች። መጣችና ኩባያውን ከእጄ መትታ ጣለችው። «ትፊው።»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ትፊው ጥሩአየሁ፤ በማርያም ትፊው።»

የቆረበ ሰው ምራቁን እንኳ አይተፋም። ይህን የቄስ ልጅ ቀርቶ የሰፈሩ ውሻም ያውቀዋል። አፌ ስለሞላ በጣቴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመለከትኩላት። ገባት። ለቅጽበት ዓይኗ ተንከራተተ፤ ከዚያ አገጬን በሁለት እጇ ያዘችና አፌን ለመክፈት ታገለች። ስትነካኝ የመጀመሪያዋ ነው። ጣቶቿ ያቃጥላሉ። እኔ ጥርሴን ነክሼ፣ ዓይኗን እያየሁ፣ ዋጥኩት።

«ቆርቤ አልተፋም» አልኳት፣ አፌን እየጠረግኩ። «አንቺም ታውቂዋለሽ።»

እጇን ከፊቴ ላይ አነሣች። መዳፏን አየችው፤ በቀሚሷ ጠረገችው፤ ከዚያ በቀሚሷ ንጹሕ ጫፍ ከንፈሬን፣ አገጬን፣ እንደገና ከንፈሬን ጠረገች። ከዚያ እዚያው ጭቃ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ድምፅ አላወጣችም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። «ለማንም አትናገሪ» አለችኝ በመጨረሻ። «ለእናትሽ እንዳትናገሪ። ማይልኝ።»

ማልኩላት። ግን ተቆጥቼ ነው የሄድኩት። ከሰማይ በየቀኑ የሚመጣላት ልጅ አንድ ጉንጭ ሰሰተችብኝ ብዬ ነው የተቆጣሁት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ በራቸው ላይ አገኘኋት። እኔ ልታረቃት ተዘጋጅቼ ነበር። ቆመች። ከእግር ጥፍሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ ዓይኗ ጉንጬ ላይ ቆየ፣ አንገቴ ላይ ቆየ። ከዚያ ሰላም ሳትለኝ አለፈች። በመጽሐፏ እንዳለው ነው፤ አንድ ነገር አልተለወጠም። ጉድ ነው አልኩ፤ ኩራት ማለት ይኸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃል አልተለዋወጥንም። ግን ትከታተለኛለች። ገመድ ስዘል ከአጥሩ ኋላ ጥላዋን አያለሁ። ሳቅ አንቆኝ ካሳለኝ ከየት መጣች ሳልል ብቅ ትላለች፤ ትኩር ብላ አይታኝ ትመለሳለች። ክንዴን ነው የምታየው፤ እግሬን ነው። እኔ ቀሚሴ ማጠሩን የምትታዘብ መስሎኝ ወደ ታች እጎትተዋለሁ። ጥር ላይ የትምህርት ቤት የስፖርት ቀን ሲሆን ሜዳው ዳር በአክስቷ ክንድ ተደግፋ፣ ጋቢ ተከናንባ መጣች። ሩጫ ነበረኝ። አንድ ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቆ ባንድ እግሬ ባዶ እየሮጥኩ ከኋለኞቹ ጋር ገባሁ። ዞር ስል አመተ ሥላሴ ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች። ከፍልሰታ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። በእኔ ላይ ነው የሳቀችው ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት።

ዓቢይ ጾም ሊገባ ሲል ታመምኩ። ታይፎይድ ነው አሉ። መኝታዬ ከእነ እትዬ ሀብትነሽ ጓዳ በሚያገናኘን ግድግዳ ሥር ነበር። ትኩሳቱ መለስ፣ ነሣ፣ መለስ፣ ነሣ ያደርገኛል። የሰፈሩ ሰው ይጠይቀኛል፤ የክፍል ጓደኞቼ ብርቱካን ይዘው መጡ። አመተ ሥላሴ አልመጣችም። በር በተንኳኳ ቁጥር አንገቴን ቀና አደርግ ነበር።

አንድ ቀን ከረፋዱ ላይ ከግድግዳው ወዲያ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። ያዜማሉ። ዜማውን አወቅሁት፤ ፍትሐት ነው። ሴቶች ይላቀሳሉ፤ ሰው ይገባል ይወጣል። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳለች።

ሌላ ልጅ ቢሆን ሰው ሞተ ይላል። እኔ ግን የቄስ አካለ ወልድ ልጅ ነኝ። ሰው ሲመነኩስ ፍትሐት እንደሚደረግለት፣ ለዓለም ሞተ ተብሎ ሬሳ ሳይሆን ሬሳ ተደርጎ እንደሚጸለይለት ከአባቴ አፍ ሰምቻለሁ። ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። ኩባያው፣ ሻሹ፣ ፀበሉ፣ ዝምታዋ።

«አመተ ሥላሴ መነኮሰች?» አልኳት እናቴን።

እናቴ አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። «አዎ ልጄ፤ መነኮሰች» አለች።

አመንኳት። ትምህርት ቤት ስመለስ «ጎረቤትሽ ሞተች አይደል?» ያለኝን ልጅ በጥፊ መታሁት፤ ፍትሐት ለሞተ ብቻ እንዳልሆነ እኔ ላስተምርህ አልኩት። ገዳሟንም መረጥኩላት፤ ከዓባይ ማዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ከገደል አፋፍ ላይ። እዚያ ቆብ ደፍታ፣ ለብቻዋ በሆነው ኩባያ ውሃ ስትጠጣ ይታየኝ ነበር። እያደግሁ ስሄድ እምነቱ ከላዬ ላይ ሳይታወቀኝ ነው የተራገፈው። ባሕር ዳር ኮሌጅ እያለሁ ነርስነት የምትማር የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ለፈተና ጮክ ብላ ስታጠና ሰማኋት። በሽታው በምን እንደሚተላለፍ፣ በምን እንደማይተላለፍ። አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ በአንድ ኩባያ በመጠጣት አይተላለፍም፤ በመጨባበጥ አይተላለፍም። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ጓደኛዬ ሞተች አልኳት። «መቼ?» አለችኝ፤ ለእኔ በዚያች ደቂቃ ነበር የሞተችው።

ሞቷን እንዲህ ተረዳሁ። መዝጋቷን ግን እንደ ድሮው ተውኩት። ኩባያዋን ስለደፈርኩባት ተቀየመችኝ፤ ኩሩ ልጅ ነበረች፤ ሳንታረቅ ሞተች። ለተማሪዎቼም ይህንኑ ነው ስነግራቸው የኖርኩት።

አምና ጥቅምት ላይ እትዬ ሀብትነሽ ሞጣ መጡ። የልጅ ልጃቸውን ከእኛ ትምህርት ቤት ሊያስመዘግቡ ነው። ጸጉራቸው ሸብቷል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ወንበር ሰጠኋቸው። ከመቀመጣቸው በፊት ክንዴን ይዘው ጨመቅ ጨመቅ አደረጉት፤ ጉንጬን ዳሰሱት።

«ሞላ ብለሻል» አሉኝ። «እሰይ። ሳል የለብሽም?»

«ኧረ የለብኝም እትዬ።»

«ሌሊት አያልብሽም?»

ሳቅኩ። «ሐኪም ሆኑ እንዴ?»

እሳቸው አልሳቁም። «ስንት ዘመን ልጠይቅሽ ስል ፈርቼ ነው» አሉ። «እናትሽንም መጠየቅ ፈራሁ። ከእሷ ኩባያ ጠጥተሽ ነበር።»

«ማን ነገረዎት?»

«እሷ። የዚያኑ ዕለት እግሬ ላይ ወድቃ ነገረችኝ። ለእናትሽ እንዳልናገር አስማለችኝ። 'ከነገርሻቸው ሳህኗን ይለዩባታል' አለች። 'እንደ እኔ ብቻዋን ያበሏታል።' እኔም አፌን ያዝኩ።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ከዚያ በኋላ አጠገብሽ መድረስ እንቢ አለች። 'ዳግመኛ እንዳልነካት ነው' አለችኝ። ትምህርት ቤት ስትሄጂና ስትመለሺ እያየችሽ፣ ማታ ማታ ደግሞ እኔን ትጠይቀኛለች። ቀጥናለች? አስሏታል? በልታ ነው የወጣችው? በልጅ አንደበቷ ሌላ ወሬ አልነበራትም።»

«በኩባያ እኮ አይተላለፍም፣ እትዬ» አልኳቸው።

«አሁንማ ጤና ጣቢያ ነገሩን። ያኔ ማን ነገረን? እኔ ራሴ አትንኪ፣ አትጠጊ ያልኳት ነኝ። የስፖርቱ ቀን እስከ ሜዳው ድረስ ተሸክሜ ነው የወሰድኳት፤ እግሯ አልቆመላትም ነበር። ስትሮጪ አይታ 'አክስቴ፣ እግሯ ጠንካራ ነው፤ አልያዛትም' አለች። ያን ቀን በላች። ከብዙ ጊዜ በኋላ የበላችው ያን ቀን ነው።»

መስኮቱ ላይ ተማሪዎች እየተሳሳቁ አለፉ።

«ኋላ አንቺ ተኛሽ» አሉ። «በአጥሩ ሳታልፊ ቀናት ሲሆኑ ጠየቀችኝ። ግንደወይን ዘመድ ጥየቃ ሄደች አልኳት፤ አላመነችኝም። እናትሽ ለሰው ስለ ትኩሳትሽ ስትናገር ሰምታለች። 'ገደልኳት' አለች። ደህና ናት፣ ታይፎይድ ነው ብላት፣ 'እኔንም መጀመሪያ ታይፎይድ ነው ብለውኝ ነበር' አለች። 'እስቲ ድምጿን አሰሚኝ፤ ድምጿን ከሰማሁ አምንሻለሁ።' እናትሽን ልለምናት በራችሁ ድረስ መጣሁ። ምን ብዬ ልጠይቅ? የታመመ ልጅ ካለበት ቤት እኔ ስገባ እናትሽ ትደነግጣለች። ቆሜ ቆሜ ተመለስኩ።»

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ አልጋዋን ወደ ግድግዳው አስጠጊልኝ አለችኝ። አስጠጋሁላት። ጆሮዋን ጭቃው ላይ አድርጋ ቀኑን ሙሉ ታዳምጣለች። አንዲት ቃል፣ አለችኝ፤ ስትስቅም ስታለቅስም ቢሆን። 'ምንም አይሰማም፣ አክስቴ' አለችኝ። እንዲያ እያዳመጠች ነው ያረፈችው።»

እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ከግድግዳው ወዲህ። ትኩሳቱ በርዶልኝ ነበር፤ መናገርም መሳቅም እችል ነበር። ሰው ሁሉ መጥቶ አመተ ሥላሴ ሳትጠይቀኝ ስለቀረች አኩርፌ፣ እናቴ ብታባብለኝ፣ ብትለምነኝ፣ ለማንም አንድ ቃል አልመልስም ብዬ አፌን ዘግቼ ተኝቼ ነበር።